የባለቤቴ ቤተሰብ አርማ ብለው የሸጡልኝ ነገር የእውነት የእነሱ ነው?

ሰብለ ዘሊድስ

ሰላም እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት።

የምኖረው እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ነው። ባለቤቴ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ የቤተሰብ ስማቸው ኩፐር ይባላል። ባለፈው ወር አባቱ 70 ዓመት ሞላቸው። ምን ልስጣቸው ብዬ ስጨነቅ አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ የቤተሰብ አርማ የሚያዘጋጅ ጠረጴዛ አየሁ። ስሙን ነገርኩት። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈና ወዲያው አወጣው። ጋሻ፣ ከጋሻው በላይ የራስ ቁር፣ ዙሪያውን እንደ ቅጠል የተጠማዘዘ ጨርቅ፣ ከታች ሪባን ላይ «ኩፐር»። እንጨት ላይ ተለጥፎ 45 ፓውንድ። አብሮ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ቀዩ ጀግንነት ነው፣ ሰማያዊው ታማኝነት ነው፣ አንበሳው የንጉሥ ዘር ነው ይላል።

አማቼ በጣም ደስ አላቸው። ሳሎን ሰቀሉት።

ነገሩ የመጣው ከልጄ ነው። 9 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት «የቤተሰባችሁን ጋሻ ሣሉ» ተባሉና ያንን ገልብጦ ሄደ። ክፍላቸው ውስጥ ሌላ ኩፐር የሚባል ልጅ አለ፤ ዝምድና የለንም። የእሱ አባትም ከሌላ ቦታ ገዝቶ ኖሯል። ጋሻው ጭራሽ አይመሳሰልም። ልጄ ቤት ገብቶ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ «እማ፣ ውሸቱ የትኛው ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ዳዊት ኤደንብራ

ሰብለ እህቴ፣ ስጦታሽን ማራከሴ አይደለም። ግን ለልጅሽ እውነቱን ብትነግሪው ይሻላል። ሁለቱም ጋሻዎች ድሮ ኩፐር ለሚባሉ ሁለት ሰዎች ተሰጥተው ሊሆን ይችላል። እነዚያ ሰዎች የባለቤትሽ ቅድመ አያቶች መሆናቸውን ግን ማንም አላጣራም። ሻጩ ያጣራው ስሙን ብቻ ነው።

እኔ እዚህ ኤደንብራ ቱሪስት ሳስጎበኝ 11 ዓመቴ ነው። ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣብኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዥልኝ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ምዕራብ አውሮፓ ውስጥ ፈረሰኞችና መኳንንት ጋሻቸው ላይ የየራሳቸውን ምልክት መሣል ጀመሩ። ሰውነቱ በብረት የተሸፈነ ሰው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በጋሻው ነበር፤ በጦር ሜዳም፣ በፈረስ ውድድርም። ከዚያ ምልክቱ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ ያዘ። ስለዚህ አርማ ከመጀመሪያውም የሰው ነው። የስም አይደለም።

እንግሊዝ ውስጥ ሰጪውም መዝጋቢውም ኮሌጅ ኦፍ አርምስ የሚባል ተቋም ነው። ንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊ በ1484 አቋቋመው፤ ዛሬም ለንደን ውስጥ ይሠራል። ለቤተሰብ ስም የሚታደል አርማ የሚባል ነገር እንደሌለ ራሱ በግልጽ ይናገራል። አንድ ሰው አርማ ከተሰጠው ልጆቹ፣ ከዚያም የወንድ ልጆቹ ልጆች እያሉ ይወርሱታል። በቃ። ኩፐር ማለት ደግሞ የእንጨት በርሜል ሠሪ ማለት ነው። ቢራ በሚጠመቅበት፣ ዓሣ በሚታሸግበት ቦታ ሁሉ በርሜል ሠሪ ነበር። እርስ በርስ የማይዛመዱ ስንት ኩፐሮች እንዳሉ አስቢው።

ስኮትላንድ ደግሞ ጠበቅ ያደርገዋል። ሎርድ ላየን የሚባል ሹም አለ፤ የራሱ ፍርድ ቤት አለው። የአርማ መዝገቡ በሕግ የተቋቋመው በ1672 ነው። እዚህ አንድ አርማ በአንድ ጊዜ የአንድ ሰው ብቻ ነው። ታናሽ ወንድም እንኳ ከታላቁ የሚለይበትን ምልክት አስጨምሮ በስሙ ማስመዝገብ አለበት። ያልተሰጠህን አርማ የኔ ነው ብሎ መጠቀም በሕግ ያስጠይቃል።

እንግዶቼ «ታዲያ ሱቁ ሁሉ የሚሸጠው ምንድን ነው?» ይሉኛል። በቀበቶ የተከበበውን ምልክት ማለታቸው ነው። መሀል ላይ ያለው የጎሣው አለቃ ምልክት ነው። ዙሪያውን ያለው ቀበቶና ዘለበት ደግሞ «እኔ የዚህ አለቃ ወገን ነኝ» ማለት ነው። የጎሣው አባል ያንን ደረቱ ላይ ቢያደርግ ነውር የለውም። ጋሻውን ግን አይነካም።

ሐና ቨርጂኒያ

ይሄን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አሜሪካ ስንመጣ የአባቴ ስም «ላስት ኔም» ሆኖ ተመዘገበ። በቀለ። ልጆቼም አሁን በቀለ ናቸው። ከጥቂት ዓመት በፊት በፖስታ ማስታወቂያ መጣልኝ፤ «የበቀለ ቤተሰብ የዘመናት ታሪክና የክብር አርማ» ይላል። ጋሻ ተሥሎበታል። ንስር ሁሉ አለው።

አባቴን በቀለ ያለችው አያቴ ናት። ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች ሞተውባት ነበር። ይሄኛው ቆመልኝ፣ በቀለልኝ ብላ ነው። የአባቱ ስም ሌላ፣ የአያቱም ሌላ ነው። እኛ አገር ስም አንድ ትውልድ ቆይቶ ወደ ኋላ ይሄዳል እንጂ ቤተሰብን ይዞ አይዘልቅም። በቀለ ለሚባል ሰው ሁሉ አንድ ጋሻ መሸጥ ማለት የአያቴን እንባ ለማያውቃት ሰው መስጠት ነው። ወረቀቱን አልጣልኩትም። ለልጆቼ አሳይቼ የስሙን ታሪክ ነገርኳቸው።

ሚኪ ኤ

ሰላም ሁላችሁም። ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ሽማግሌው ተደስተዋል። ማንንም አልጎዱም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ነው። ሰው የሆነ ሐረግ ላይ መንጠልጠል ይፈልጋል፤ ይሄ ክፉ ነገር አይደለም። ለምን እንነጥቃቸዋለን?

ዳዊት ኤደንብራ

ሚኪ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኔም ከግድግዳቸው ይውረድ አልልም። ግን ይህ ነገር ለባለቤቶቹ ጌጥ ብቻ እንዳልነበረ አንድ ታሪክ ላጫውትህ። ደግሞ የሰብለ ጎረቤት ነው፤ እዚያው ዮርክሻየር።

በ1385 የእንግሊዝ ጦር ወደ ስኮትላንድ ዘመተ። ቦልተን የሚባለውን ግንብ ያሠራው ሰር ሪቻርድ ስክሩፕ ከዘማቾቹ አንዱ ነበር። አርማው ቀላል ነው። ሰማያዊ ጋሻ፣ በላዩ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የወረደ አንድ የወርቅ መቀነት። ሰልፉ ውስጥ ሌላ ሰው ልክ ያንኑ ጋሻ ይዞ አየ። ሰር ሮበርት ግሮቭነር ይባላል፤ የቼሻየር ሰው ነው። ዝምድና የላቸውም። ስማቸውም አንድ አይደለም።

ስክሩፕ ከሰሰ። ሙግቱ እስከ 1390 ዘለቀ፤ አምስት ዓመት! በመቶ የሚቆጠር ምስክር ቀረበ። ሽማግሌ ወታደሮች እየመጡ «ይህን ጋሻ በእገሌ ዘመቻ እገሌ ይዞት አይቻለሁ» እያሉ ቃል ሰጡ። ገዳማት ውስጥ ያለ የመስኮት መስተዋትና የመቃብር ድንጋይ ሳይቀር ማስረጃ ሆነ። መጀመሪያ ለስክሩፕ ተፈረደ፤ ግሮቭነር ግን ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ጨምሮ ይያዝ ተባለ። ይግባኙን የሰማው ንጉሥ ሪቻርድ ዳግማዊ ያንንም ሻረው። ጠርዝ መጨመር ለሥጋ ዘመድ ነው፣ ለባዕድ አይሆንም አለ። ግሮቭነር መቀነቱን ትቶ የወርቅ የስንዴ ነዶ ያዘ። የዌስትሚንስተር መስፍን ቤተሰብ የሚባሉት የእሱ ወገኖች እስከ ዛሬ የያዙት ያንን ነዶ ነው።

የዛሬው ነጋዴ ይህን ሁሉ በአንድ ደቂቃ ማተሚያ ያወጣዋል። የሚቆጨኝ እሱ ነው። ሰዎቹ ያንን መቀነት ለመጠበቅ ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል።

የፒያሳ ልጅ

ዳዊት፣ በጣም ጥሩ አድርገህ ነው ያስረዳኸው። እኔ ከአባቴ ሥራ ጋር አገናኘሁት። አባቴ ፒያሳ ማኅተም ቀራጭ ነበር። ልጅ ሆኜ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ፊደሉን ገልብጦ ነው የሚቀርጸው፤ ወረቀት ላይ ሲመታ እንዲቃና። «መ»ን በመስተዋት እንደምታያት አድርጎ። አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ ያለ ነበር፤ ያለ ደብዳቤ ማኅተም አይቀርጽም። ጓደኛውም ቢሆን፣ እጥፍ ቢከፍሉትም። «ማኅተም የሰው እጅ ነው፣ የሰው እጅ አልሸጥም» ይል ነበር። የፈረንጆቹ አርማም ሰነድ ላይ በሰም ይታተም ስለነበር እንደ ፊርማ ያገለግል እንደነበር አንብቤያለሁ። ስለዚህ ለኔ ይሄ ጉዳይ የጌጥ ጉዳይ አይደለም።

ወደ እኛ ስንመጣ ጋሻ ነበረን፤ በብር ያጌጠም ነበር። ግን የእኛ ጋሻ ማዕረግን ያሳያል እንጂ ከአባት ለልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ሥዕል አይደለም። ሰውየውን የሚለየው የፈረስ ስሙ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተጊዮርጊስ አባ መላ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ። ፎካሪው የሚጠራው በዚያ ነው። የራስ መኰንን አባ ቃኘው ደግሞ ኮሪያ ድረስ ሄደ፤ በ1951 በፈረንጅ አቆጣጠር የዘመተው ሻለቃችን ቃኘው የተባለው በዚያ ነው። እሱም ቢሆን ከሰውየው ጋር የተያያዘ ነው። ልጁ የራሱን ያወጣል እንጂ የአባቱን አይወርስም።

አንበሳው ብቻ ነው የተለየው። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የነገሥታቱ ማኅተም ላይ ነበር። ትርጉሙም ከማንም ወረቀት የተቀዳ ሳይሆን ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 5 ነው።

ዳዊት ኤደንብራ

የአባትህ ንግግር ልቤን ነካው። ነገሥታቱን ካነሣህ አንድ ልጨምር። በ1954 ጃንሆይ እንግሊዝን ሲጎበኙ የጋርተር ኒሻን ተቀብለዋል። የጋርተር ባላባቶች ሰንደቅ የሚሰቀለው ዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ውስጥ ነው። ልዑል ዓለማየሁ የተቀበረው እዚያው ነው፤ ከ1879 ጀምሮ። እዚያ በሄድኩ ቁጥር ሰንደቆቹን ከማየቴ በፊት ልጁን አስባለሁ።

ስለ ቀለም ትርጉም ደግሞ፣ ሰብለ፣ ያ ወረቀት ያለው ነገር መሠረት የለውም። ቀይ ጀግንነት፣ ሰማያዊ ታማኝነት የሚል ቋሚ መዝገበ ቃላት በዚህ ሙያ የለም። አንበሳም የንጉሥ ዘር ማለት አይደለም፤ አንበሳ ያለበት ጋሻ እንደ አሸዋ ነው። ትርጉም ካለ የሚኖረው ባለቤቱ ለራሱ ብሎ ያኖረው ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ በስም መጫወት ነው። የንግሥት ኤልሳቤጥ እናት ቤተሰብ ስም ቦውዝ ላየን ነው። ቦው ቀስት፣ ላየን አንበሳ። አርማቸውን ብታዪው ቀስትና አንበሳ ነው! እንደ ቅኔ በይው፣ ግን ሰሙ ላይ ነው የሚቆመው።

ጋሽ ተፈራ

ልጆቼ፣ ዘግይቼ ገባሁ። ዳዊት ያልከው ለእንግሊዝና ለስኮትላንድ ልክ ነው። ለሁሉም አገር ግን አይሠራም።

እኔ በደርግ ጊዜ ፖላንድ ክራኮው ነው የተማርኩት። ቤት ያከራየችኝ ባልቴት ጣቷ ላይ የብር ቀለበት ነበራት። ጨረቃና ኮከብ ተቀርጾበታል። ሙስሊም ናት ብዬ ገምቼ ስለ ጾሙ ጠየቅኳት። ካቶሊክ ነበረች። ቀስ ብላ አወጋችኝ። ምልክቱ ሌሊቫ ይባላል። የእሷ ቤተሰብ ብቻ አይደለም የያዘው፤ ስማቸው ጭራሽ የማይገናኝ ብዙ ቤተሰቦች ያንኑ አንድ አርማ ይይዛሉ። እዚያ አገር እንዲህ ነው። አርማው እንደ ትልቅ ድንኳን ነው፤ ውስጡ ብዙ ስም አለ። ሁሉም ደግሞ በደም አይዛመድም። በ1413 ሆሮድዎ በተባለ ቦታ ፖላንድና ሊትዌንያ ሲዋዋሉ የፖላንድ መኳንንት 47 የሊትዌንያ ቤተሰቦችን በአርማቸው ሥር ተቀብለዋል። እኛ ጡት መጣባት እንደምንለው ያለ ነገር ነው።

በስዊዘርላንድና በጀርመን አገር ደግሞ መኳንንት ብቻ አልነበሩም አርማ የያዙት። ነጋዴውም፣ ገበሬውም፣ ዳቦ ጋጋሪውም ለራሱ ማውጣት ይችል ነበር።

ግን ልብ በሉ። እዚያም ቢሆን ስምህ ስለተመሳሰለ ብቻ የሰውን አትወስድም። ባልቴቷ ቀለበቱን ማታ ማታ አውልቃ የስኳር ማስቀመጫ ውስጥ ትደብቀው ነበር። በዚያን ጊዜ የመኳንንት ዘር መሆን የሚያስመካ አልነበረም። ያን ያህል ተደብቆ የቆየ ነገር 45 ፓውንድ ሲሸጥ መስማት ይከብዳል።

ሐና ቨርጂኒያ

ጋሽ ተፈራ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ስኳር ማስቀመጫው ከአእምሮዬ አይጠፋም።

ሰብለ፣ የእውነቱን መፈለግ ከፈለግሽ እንግሊዝ አገር ያለ ሰው ዕድለኛ ነው። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ከ1538 ጀምሮ መያዝ ጀምሯል፤ ሁሉም ቦታ ባይተርፍም። የሕዝብ ቆጠራው ደግሞ ከ1841 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ የሰውን ስም ከነሥራው ይመዘግባል። እስከ 1921 ያለው ክፍት ነው። የ1931ዱ በእሳት ወድሟል። ከአማችሽ ጀምረሽ አንድ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ሂጂ። እኔ ይሄን ለአያቴ ማድረግ ብችል ምን ያልሰጠሁ ነበር።

ሰብለ ዘሊድስ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፤ ሥራ ላይ ነበርን።

መጀመሪያ እንጨቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ከታች በጣም በደቃቅ ፊደል፣ ይህ አርማ ስሙን ይዘው ለኖሩ ሰዎች ከተመዘገቡት አንዱ ነው፣ የዘር ሐረግን አያረጋግጥም ይላል። ስገዛው አላየሁትም።

አማቼን ፈርቼ ነበር። ሻይ አፍልቼ፣ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «አባቴ ቢያየው ምን ይል ነበር?» አሉ። ከዚያ ከልጄ ጋር ቆጠራውን መፈለግ ጀመርን። በ1911 የአያታቸው ስም ወጣ። በ1881 የአያታቸው አባት፤ መኖሪያ ታድካስተር። ከሊድስ ሩቅ አይደለም፣ የቢራ ከተማ ነው። ሥራ በሚለው ረድፍ ላይ በእጅ ጽሕፈት፣ ቀለሙ ትንሽ ደብዝዞ፣ «ኩፐር»። ስሙም ኩፐር፣ ሥራውም ኩፐር! ልጄ ስክሪኑን በጣቱ ነካው።

አማቼ ተነሥተው ወጡ። ከጓሮ ዕቃ ቤታቸው አንድ ነገር ይዘው ተመለሱ። አጭር፣ ጎባጣ፣ እጀታው በእጅ ብዛት የጠቆረ መላጊያ። የጣውላውን የውስጥ ጎን ቆልምሞ ለመላግ ነው። አባታቸው «አትጣለው» ብለዋቸው ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልነገሯቸውም። 50 ዓመት ቀለም ቆርቆሮ መክፈቻ ሆኖ ኖሯል።

የገዛሁት አርማ አሁንም ሳሎን አለ፤ «አንቺ የሰጠሽኝ ነው» ብለው አላወርድም አሉ። መላጊያው ግን ከጎኑ ተሰቅሏል።

ልጄ ጋሻውን እንደ አዲስ ሊሥል ነው። መምህርቷ ፈቀደችለት። በርሜል ይፈልጋል፣ ለእኔ ወገን ደግሞ መሶብ። በርሜሉን ቡናማ፣ ጋሻውን አረንጓዴ። ይሆናል?

ዳዊት ኤደንብራ

ደስ ሲል! ይሄን ሳነብ ተነሥቼ ቆምኩ።

የሙያው ሕግ ይኸውልሽ። ቢጫና ነጭ እንደ ወርቅና ብር ይቆጠራሉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ደግሞ ቀለም ናቸው። ወርቅና ብር እርስ በርስ አይደራረቡም፤ ቀለምም በቀለም ላይ አይወጣም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከሩቅ አይታይም። ባንዲራችንን እዪው፤ አረንጓዴና ቀይ መሀል ቢጫው አለ። ቡናማ ከመደበኞቹ ውስጥ የለም። በርሜሉን የወርቅ ያድርገው፣ አረንጓዴ ላይ ቁልጭ ይላል። መሶቡንም እንዲሁ።

ኮሌጁ በማኅተም የሚሰጠው አርማ ብዙ ሺህ ፓውንድ ያስወጣል። ለትምህርት ቤት ሥዕል ግን ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም። የራሱ ነው፣ ከሰው አልወሰደም።

የፒያሳ ልጅ

መሶቡ ክዳን ይኑረው። ክዳን ከሌለው ሰፌድ ይመስላል።

ሰብለ ዘሊድስ

ክዳን አለው። ጫፉ ላይ ያለችውን ማንጠልጠያም አልረሳትም። የበርሜሉን ብረት ስንት ላድርግ ብሎ አያቱን በስልክ ጠየቃቸው፤ ስድስት አሉት። አሁን ምንጣፉ ላይ ተኝቶ አራተኛውን በጥቁር እያሠመረ ነው።